አሜባ የተገኘበት ሽሮ

ሆዱን ታሞ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚንከራተት ሰው ካለ ይህን ያንብብልኝ። ማይክሮስኮፕ እንጀራው የሆነ ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንብበው። ለመጀመሪያው የምጽፈው አይዞህ ልለው ነው። ለሁለተኛው የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፤ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኛልና ሳልናገረው ብሞት ይቆጨኛል።

ሐጎስ እባላለሁ፣ የመቐለ ሰው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግልጹን ለመናገር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሰገራ እያየሁ ልጆች አሳድጌያለሁ። ባለቤቴ የሺ የደሴ ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ አማርኛ የሚነገረው በእሷ የተነሳ ነው፤ ስትቆጣኝ በአማርኛ መልስ ቶሎ ስለማይመጣልኝ አርባ ዓመት ሙሉ ተሸናፊ ሆኜ ኖሬያለሁ። ከዚህ በታች የተጻፈውን ሌላው ሰው የተናገረው በትግርኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስድቡ ለስልሶ ከተገኘ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ነው። አንድ ጠዋት ሆዴን አስቀመጠኝ። የትናንቱ ጎመን ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱም አስቀመጠኝ፤ በሳምንቱም። ደም የለው፣ ንፍጥ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ውሃ ብቻ፣ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ። ሰፈራችን ውስጥ የቧንቧ ውሃ በሦስት ሳምንት አንድ ቀን ብቅ የምትል እንግዳ ናት፤ ስትመጣ በሮቶና በጀሪካን እናጠራቅማታለን። ተቅማጥ ውሃ ባለበት አገር በሽታ ነው፤ ውሃ በሌለበት ሰፈር ግን የቤተሰብ ጠብ ነው።

"ሐጎስ፣ ዛሬ ብቻህን ሁለት ጀሪካን ጨረስክ" ትላለች የሺ።

"እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው" እላለሁ ሆዴን እያሳየኋት።

"እሱን ንገረው እንግዲህ፣ የሚቀጥለውን ጀሪካን እሱ ይሸከማል።"

ከሓወልቲ እስከ ዓዲ ሓቂ ያለውን የሆቴልና የካፌ ሽንት ቤት አንድ በአንድ አወቅሁት። ገብቼ ማኪያቶ አዝዛለሁ፤ ሳይመጣ እጠፋለሁ፤ ስመለስ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። ወተት ደግሞ ክፉኛ ስለሚያባብስብኝ ሳልነካው ከፍዬ እወጣለሁ። አንዱ አስተናጋጅ ነገሩ ከነከነውና፣ "አቦይ፣ የማይጠጡትን ለምን ያዛሉ?" አለኝ። "ለወንበሩ ብዬ ነው" አልኩት። የትኛውን ወንበር እንደሆነ ግን አላብራራሁለትም።

ሐምሌ ገባና በለስ ደረሰ። በለስ ሲበዛ ሆድ እንደሚደፍን በትግራይ ምድር ሕፃን ልጅም ያውቃል። ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ በሳህን በሳህን የተላጠ በለስ ይመጣልኝ ጀመር። አንድ ጠዋት ዐሥራ አምስት ፍሬ በላሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱን ለማስከፈት ሐኪም ቤት በተኛ ነበር። የእኔው ግን በለሱን እንደ መንገደኛ ተቀብሎ እንደ መንገደኛ አሳለፈው። በለስ ያላቆመው ተቅማጥ ቀልድ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝና ወደ ክሊኒክ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ የሚጀምረው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወስዶ "ታይፎይድና ታይፈስ" አለኝ። በዚህች ከተማ ታይፎይድ የሌለበት ሰው ቢኖር ያልተመረመረ ሰው ብቻ ነው። ያ የደም ምርመራ የሚያሳየው ሰውነታችን ከዚህ በፊት ያን የመሰለ ተሕዋስ አግኝቶ እንደነበረ ነው፤ ዛሬ ታመሃል ማለት አይደለም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ምርመራውን የሠራውም ያውቃል፣ መድኃኒቱን የጻፈውም ያውቃል። ሁላችንም እያወቅን ዐሥር ቀን ሲፕሮ ዋጥኩ። ሁለተኛው ክሊኒክ "አሜባ" አለኝ። ለአሜባ የሚሰጠው ክኒን አፍ ላይ የሚተወውን ጣዕም የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሳምንት ሙሉ ሚስማር የምጠባ መሰለኝ። ሦስተኛው "ጃርዲያ ነው" ብሎ ያንኑ ሚስማር መልሶ ሰጠኝ። አራተኛው "ምንም አልታየም" አለኝ፤ ከሁሉም እሱን ወደድኩት፣ ቢያንስ አልዋሸም ብዬ። ተሳስቻለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በመካከሉ የጎረቤት ነርስ "የአንጀት ትል እንዳይሆን" ብላ የትል መድኃኒት፣ አልቤንዳዞል የሚባለውን፣ ለሦስት ቀን ሰጠችኝ። ስምንት ቀን ሰው ሆኜ ዋልኩ። ጥብስ አማረኝ። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምኩ። በዘጠነኛው ቀን ተመልሶ አስቀመጠኝ። እናንተ ይህችን ስምንት ቀን በልባችሁ ያዟት፤ እኔ የሙያው ሰው ነኝ የምለው ሽማግሌ አልያዝኳትም።

የመጠበቂያ ክፍል ነገር ደግሞ አለ። ሕመምተኛ ሁሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጦ በር በሩን ያያል። እኔ ግን ሁለት በር ነበር የምጠብቀው፤ የሐኪሙንና የሽንት ቤቱን። አንዱን ስጠብቅ ሌላው ይጠራኛል። ከሽንት ቤት ስመለስ ተራዬ አልፎ፣ "አቦይ፣ ስምዎ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የሉም" ይሉኛል። አንዲት የማላውቃት እናት ነገሩ ገብቷት ከዚያ በኋላ ስሜ በተጠራ ቁጥር "አለ፣ አለ፣ ይመጣል" እያለች ቦታዬን ጠበቀችልኝ። ለምን እንደምጠፋ አልጠየቀችኝም። እንዲህ ያለውን ደግነት ሰው ሳይታመም አያውቀውም።

በመስከረም ክብደቴ ከስልሳ ስምንት ወደ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ወረደ። ቀበቶዬ ላይ በሚስማር ሦስት አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። አንድ ትሑት ወጣት ሐኪም ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "አቦይ፣ ቅር አይበልዎትና የኤች አይ ቪ ምርመራ ብናደርግ" አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ በመጠርጠሬ፣ ልዋሽ አልችልም፣ በአንድ በኩል ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ለየሺ እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። ሦስት ቀን ሳታናግረኝ ከረመች፤ ትራሴንም ወደ ሳሎን አወጣችው። ውጤቱ "ነጻ" ሆኖ ሲመጣ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች፣ አራት ቦታ አጠፈችና ዳዊቷ ውስጥ አስገባችው። እስካሁን እዚያው ነው። ከዚያ ትራሴን መለሰችልኝ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ግን አርባ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ሦስት ቀን ሲጠራጠር ማየት ከተቅማጡ በላይ ያደክማል።

በጥቅምት ወደ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ላኩኝ። ሆዴን በአልትራሳውንድ ሲያይ የትንሹ አንጀቴ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ወፍሮ አገኘው። እውነተኛ ሰው ነበር፤ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደብኝም።

"ዕጢ ሊሆን ይችላል" አለኝ። "ከፍተን ካላየነው አናውቅም።"

"በዚህ ኪሎ ከተከፈትኩ እዘጋለሁ?"

መሣሪያውን አስቀመጠ። "አልደብቅዎትም አቦይ፣ ከጠረጴዛው በሰላም እንደሚነሡ እርግጠኛ አይደለሁም። ዕጢ ከሆነና ዝም ካልነው ግን መጨረሻው የታወቀ ነው።" ለኅዳር መጀመሪያ ሐሙስ ቀጠረኝ፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። "እስከዚያ አንድ የሰገራ ምርመራ አሠርተው ያምጡልኝ፤ ለፋይሉ ያህል" አለኝ።

ለፋይሉ ያህል። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ የሺም አልተኛችም፣ ሁለታችንም የተኛን አስመስለን አደርን። ሊነጋጋ ሲል ፍርሃቴ አልቆ ንዴት ብቻ ቀረኝ። አምስት ወር ሙሉ ስንት ክሊኒክ ዕቃ ሞልቼ ሰጥቻለሁ፤ አንዱ ታይፎይድ፣ አንዱ አሜባ፣ አንዱ ጃርዲያ ብሎኛል። አሁን ልከፈት ነው። ጠዋት የመመርመሪያውን ዕቃ ይዤ ወደ ሽንት ቤት ሳልፍ ወጥ ቤት ውስጥ የማታው ሽሮ በድስቱ ቆሞ አየሁት። ቀለሙን አየሁ፣ ውፍረቱን አየሁ። የሠላሳ አንድ ዓመት ልምድ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ከዚያ የተሻለ ናሙና አይቼ አላውቅም። አንዱን ዕቃ በሽሮ ሞላሁ። ሌላ አዲስ ንጹሕ ዕቃም ሞላሁና ኪሴ ከተትኩት።

በቅርብ ያገኘሁት ክሊኒክ ሞልቶ ነበር። ጋቢ የለበሱ አዛውንት፣ ልጇን የታቀፈች ሴት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሁለት ወጣቶች። የላቦራቶሪው ልጅ ዕቃዬን ሳያየው ተቀበለኝ፤ ዐይኑ ስልኩ ላይ ነበር። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ስላይድ መቀባት፣ መሸፈን፣ በትንሹ ሌንስ ዳር እስከ ዳር መሄድ፣ ከዚያ በትልቁ መመለስ፤ በወጉ ከተሠራ ለአንድ ሰው ዐሥር ደቂቃ ይፈልጋል። በአራተኛው ደቂቃ ስሜ ተጠራ። ወረቀቱ ላይ "አሜባ፣ ብዙ" ይላል።

"ልጄ፣ አየኸው?" አልኩት በመስኮቱ።

"አይቼዋለሁ አቦይ፣ አሜባ ነው። ከበድ ያለ ነው።"

"በዐይንህ?"

"ታዲያ በጆሮዬ ነው?" ከኋላዬ ሰው ሳቀ።

"በርበሬስ አላየህም? ነጭ ሽንኩርትስ?"

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። ሁለተኛውን ዕቃ ከኪሴ አወጣሁ፣ ከፈትኩ፣ ጣቴን ነከርኩና ላስኩት። "ጨው ያንሰዋል" አልኩ።

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ይቸግረኛል። ሴትዮዋ የልጇን ዐይን ሸፈነች። አዛውንቱ ተነሥተው አማተቡ። ከወጣቶቹ አንዱ በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ ሮጠ፤ ለምን እንደሮጠ የሚያውቀው ሆዱ ነው። እኔ "ሽሮ ነው፣ ሰዎች፣ ሽሮ ነው" እያልኩ ለእያንዳንዱ ዕቃውን ባሳየሁ ቁጥር ይበልጥ ይሸሹኛል። ያን የሚልስ ሰው ሽሮ ነው ቢል ማን ያምነዋል? ዘበኛው በጨዋ ደንብ ክንዴን ይዞ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። "ኣጆኻ ኣቦይ፣ እግዚአብሔር ይማርህ" አለኝ። አይዞህ ማለቱ ነው። ከልቡ ነበር ያለው።

ወሬው በባጃጅ ቀደመኝ። ቤት ስደርስ የሺ በር ላይ ቆማ ነበር።

"እውነት ነው?" አለችኝ።

"ሽሮ ነው የሺ።"

"የቱ ሽሮ?"

"የማታው። ያንቺው።"

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። "እኔ በሐሙሱ ምን ለብሰህ እንደምትሄድ፣ ባትመለስስ ምን እንደማደርግ እያሰብኩ ነው የምውለው" አለች። "አንተ በሽሮዬ ትቀልዳለህ።" መልስ አልነበረኝም። በትግርኛም አልነበረኝም።

በዚያ ሳምንት ሐጎስ አእምሮውን ነሣው ተብሎ ጠያቂ በዛ። አንዳንዱ ጸበል ይዞ መጣ፣ አንዳንዱ ለማየት ብቻ መጣ። ቅዳሜ ዕለት ለተብርሃን መጣች። ለተብርሃን ከዓመታት በፊት ለልምምድ እኔ ዘንድ ተመድባ የነበረች ተማሪዬ ናት፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የንብ በሽታ ታጠናለች። ወሬውን ሰምታ ነው። እንዳዘነች ገባች፤ የሽሮውን ነገር እንዳለ ስነግራት ግን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ዐይኗ ተለወጠ፤ የላቦራቶሪ ሰው ዐይን ሆነ።

"ከወሰዱት ሁሉ የተሻለዎት መድኃኒት አለ?"

"የትል መድኃኒቱ። ስምንት ቀን ብቻ።"

"ሌላስ በየቀኑ የሚወስዱት?"

"ምንም።" ለሐኪሙ ሁሉ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር።

"የጉልበትህስ?" አለች የሺ ከወጥ ቤት።

የጉልበቴ ማለት ጉልበቴን ሲያመኝ ከመድኃኒት ቤት ራሴ የምገዛት ትንሽ ክኒን ናት። ዓመት ከመንፈቅ በየቀኑ ውጫታለሁ፤ እንደ ቁርስ ስለለመድኳት መድኃኒት መሆኗን ረስቻት ነበር። የሺ ፓኬቱን አመጣችው። ለተብርሃን አነበበችው፤ ፕሬድኒሶሎን። ይህ መድኃኒት ብግነትን ያበርዳል፤ ረዥም ጊዜ ሲወሰድ ግን የሰውነትን ዘበኛም አብሮ ያስተኛል። ይህን እኔ ለሰው ስመክር የኖርኩ ነኝ። ዋእ፣ ወይ ጉድ፣ እንደ እኔ ያለ አዋቂ ይጥፋ።

"መምህር" አለች ለተብርሃን፣ "ንቦቼ ሲታመሙ ያስቀምጣቸዋል፤ የቀፎው በር ሁሉ ይበላሻል። አንጀታቸው ውስጥ የማገኘው ማይክሮስፖሪድያ የሚባለውን ነው። የንቡ ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰው ላይ የሚወጡ ዘመዶች ግን አሉት፤ አንዱ ደግሞ በትል መድኃኒት ይሞታል። ለሦስት ቀን ሳይሆን ለሳምንታት ከተወሰደ።"

እኛ ስንማር ስለዚህ ነገር የነበረን አንድ መስመር ነው፤ እሱም ከአሜባ ዘመዶች ጋር ተመድቦ። አሁን የፈንገስ ወገን ነው ይሉታል፤ የሻጋታና የእርሾ ዘመድ፣ ግን ሌላ ሕያው ፍጡር ውስጥ ካልገባ መራባት የማይችል።

"ያን ሁሉ ላቦራቶሪ ዞርኩ፣ ማንም አላየውም" አልኳት።

"በተለመደው ምርመራ አይታይም፤ የተለየ ቀለም ይፈልጋል። ደግሞ ማንም አልፈለገውም።" ፓኬቱን አስቀመጠችና፣ "እርስዎ ያስተማሩኝን ያስታውሳሉ?" አለች።

"ምን አስተማርኩሽ?"

"'ሰልፉ ሲረዝም መጀመሪያ አልታየም ብለሽ ጻፊ፤ ጊዜ ከተረፈሽ ታዪዋለሽ።'"

የሺ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ።

"ለቀልድ ነው ያልኩሽ" አልኳት።

"እኔ ግን ዓመት ሙሉ ሠራሁበት" አለች ለተብርሃን። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

የንብ ላቦራቶሪ ውጤት ለሰው ፋይል አይሆንም። ስለዚህ ለተብርሃን አብረዋት የተማሩ ሰዎች ወደሚሠሩበት ሆስፒታል ቀለሙን ይዛ፣ ፈቃድ ጠይቃ፣ ማክሰኞ ወሰደችኝ። ዕቃውን ስሰጣት፣ "ሽሮ አለመሆኑን ይማሉልኝ" አለችኝ። ማልኩላት። ስላይዱ ቀለም እስኪጠጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ከዚያ ተቀመጠች። አምስት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። እኔ ኋላዋ ቆሜ፣ ወይ ቢላዋ ወይ ክኒን እያልኩ ደቂቃ እቆጥር ነበር። ሐሙሱ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ምንም ሳትናገር ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ።

መነጽሬን አወለቅኩ። አንድ ሺህ ጊዜ በሚያጎላው ሌንስ፣ አረንጓዴ ሜዳ ላይ የተበተኑ ሮዝ ቅንጣቶች አየሁ። ከቀይ የደም ሴል አራት እጥፍ ያህል ያነሱ፣ ሞላላ። አንዳንዶቹ ወገባቸው ላይ መቀነት እንደታጠቀ ሰው ጭረት አለባቸው። ይኸው ነው። በእያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ ቀጭን ክር እንደ ሞላ ተጠምጥሟል። ቅንጣቷ የአንጀትን ሴል ስትነካ ክሩን እንደ ጦር ትወረውርና ትወጋዋለች፤ ከዚያ በክሩ ቀዳዳ ራሷን ወደ ውስጥ ትገለብጣለች። የራሷ ማገዶ የላትም፤ ከባለቤቱ እየሰረቀች ትበዛለች፣ ቤቱን ሞልታ ታፈነዳዋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። አንጀቴ ላይ ወፈረ የተባለው ግድግዳ የዚህ ጦርነት ቁስል መሆኑ ነው። ከየት እንደያዘኝ ለተብርሃንም በእርግጥ አላወቀችም፤ ምናልባት ከውሃው ነው አለች። ሮቷችን ከተገዛች ጀምሮ ታጥባ አታውቅም፤ ያም የእኔ ሥራ ነበር።

ብዙ ጊዜ አፍጥጬ አየሁት። ጠላት ነው፣ ግን አምስት ወር ሙሉ የለም ሲሉኝ እኔ እንዳለ አውቅ ነበርና፣ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ወረቀቱን ቆሞ ማንበብ ጀመረና ተቀመጠ። "ይህን ከመጽሐፍ ውጭ አይቼው አላውቅም" አለ። ብዙ ሐኪም እንዲህ ብሎ በሽተኛው ፊት መናገር አይደፍርም፤ ስለዚህ እሱን ከንዴቴ አወጣሁት። ቢላዋው ይቆይ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን እንሞክር፣ ካልተሻለዎት እከፍትዎታለሁ አለኝ። አልቤንዳዞል ለሳምንታት አዘዘልኝ። የጉልበቴን ክኒን ግን ወዲያው ጣለው አላለኝም፤ በድንገት ማቆሙ ራሱ ሰው ይገድላልና በጥቂት በጥቂቱ እያስቀነሰ አስተወኝ። የምትወስዱት ካላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ያለ ሐኪም አትጀምሩት፣ ያለ ሐኪምም አታቁሙት።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የሺ ከሽንት ቤቱ በር ውጭ ሆና እንደ ወትሮው "እንዴት ነው?" አለች።

"ግማሽ ጣሳ" አልኳት።

"ምን ግማሽ ጣሳ?"

"የፈጀሁት ውሃ።"

ወደ ጓሮ ሄዳ ጀሪካኖቹን ስታንቀሳቅስ ሰማኋት፤ የሞሉትን በአንድ ወገን፣ ባዶዎቹን በሌላ ወገን። በዚያ ሳምንት አንድ ጀሪካን ሦስት ቀን ሄደልን። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ነበርኩ፤ ከቀበቶዬ ቀዳዳ ሁለቱ ሥራ ፈቱ።

ሲሻለኝ ንዴቴም አብሮኝ ጎለመሰ። ያን ሽሮ ያየውን ልጅ ልሰድበው ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። የሽሮው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ስድቡንም በመንገድ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ፣ ልጁ ብቻውን፣ በአንዲት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ አየሁት። አላሳዘነኝም፤ ይህን ደግሜ እጽፋለሁ፣ አላሳዘነኝም። ሰው በእንዲህ ያለ ወረቀት ሊከፈት ነበር። ግን አፌን ስከፍት የመጣልኝ የእሱ ስም አልነበረም፤ የራሴ ነበር።

እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ገና ሳይደርስልን ሰው በየቤቱ እየከሳ በሚሞትበት ዘመን፣ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ ድንጋይ የሚያመላልስ አንድ ሠራተኛ ነበረ። ሦስት ጊዜ ዕቃ ይዞልኝ መጣ። በሦስተኛው ጊዜ ልብሱ ሰፍቶት ነበር፤ መስኮቱን ይዞ፣ "ወንድሜ፣ በደንብ እይልኝ" አለኝ። "አይዞህ፣ አያለሁ" አልኩት። ሰልፉ ረዥም ነበር። "ምንም አልታየም" ብዬ ሰጠሁት። ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነኝ። በአራተኛው ጊዜ አልመጣም፤ እኔም የት ገባ ብዬ አልጠየቅሁም። እሱ ውስጥ ምን እንደነበረ አላውቅም። የማላውቀው ስላልነበረ አይደለም፤ ስላላየሁ ነው። ለዚህ ነው ከላይ፣ አራተኛው ክሊኒክ አልዋሸም ማለቴ ስሕተት ነው ያልኩት። ሳያዩ "አልታየም" ማለት ከሁሉም የከፋው ውሸት ነው፤ ሰውዬው አመስግኖ ይሄዳላ።

የክሊኒኩን ልጅ ሳልሰድበው ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩለት። "ይህ የሽሮ ነው፤ ከኋላው ስሜና ስልኬ አለ። ማየት ስትፈልግ ጥራኝ፣ አብረን እናያለን" አልኩት። እስካሁን አልጠራኝም። እየጠበቅኩት ነው፤ ካልጠራኝ ሳልጠራ እሄዳለሁ።

መድኃኒቱን ከጨረስኩ በኋላ ለመቆጣጠሪያ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን። ለተብርሃን ስላይዱን ቀልማ አዘጋጀችና፣ "ዛሬ እርስዎ ይዩት" አለችኝ። ተቀመጥኩ። ከላይኛው ጠርዝ ጀመርኩ። አንድ መስመር ሄጄ ጨረስኩ፣ ዝቅ አልኩ፣ ተመለስኩ። ወገቤ አመመኝ፣ ዐይኔ አለቀሰ። "መምህር፣ አንድ ሰዓት ሆነዎት" አለችኝ። "ዝም በይ" አልኳት። ሁለተኛውንም ስላይድ ዳር እስከ ዳር ሄድኩ። አረንጓዴ ሜዳ፣ ባዶ፣ እንደገና ባዶ። መቀነት የታጠቀ አንድም የለም።

ቅጹን ስቤ በእጄ ጻፍኩ፤ ምንም አልታየም። ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኳት እግዚአብሔር ይወቀው፤ ሁለት ስላይድ ዳር እስከ ዳር አይቼ ስጽፋት ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ለተብርሃን ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። "የቐንየለይ መምህር" አለችኝ፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ራሷ ሳበች፣ የመጀመሪያውን ስላይድ መልሳ ሌንሱ ሥር አስገባችና ከላይኛው ጠርዝ ጀምራ ማየት ጀመረች።

አላመነችኝም። ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልናደድ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።